«ልጄ ስለ እንስሳት ልትማር ነው አለችኝ»፦ የዞኦሎጂ ዲግሪ ምን ይጠይቃል? ወዴትስ ያደርሳል?

(በሳተላይት ቴሌቪዥን ከተላለፈው ሳምንታዊ ዝግጅት ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)

ብዙ ጊዜ እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ የማወራችሁ ስለ ፖለቲካ ነው። ዛሬ ግን ስለ ልጆቻችን ትምህርት ላወራችሁ ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ስልክ ደወሉልኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ ነድተው፣ ባለቤታቸው ደግሞ የሌሊት ፈረቃ አረጋውያን እየተንከባከቡ ሦስት ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው። ትልቋ ልጃቸው ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች። ውጤቷ ጥሩ ነው፤ ዩኒቨርሲቲም ተቀብሏታል። «ታዲያ ምን አስጨነቀዎት?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና፣ «ወንድሜ፣ ልጄ ስለ እንስሳት ልትማር ነው አለችኝ። ዞኦሎጂ ነው የምትለው። እኔ ከብት ስጠብቅ ያደግሁ ሰው ነኝ። እኔ ከከብት ሸሽቼ አሜሪካ መጣሁ፤ እሷ ተመልሳ ወደ እንስሳ ልትሄድ ነው?» አሉኝ።

ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሳቁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ይህን ነገር እኔም በቤቴ አይቼዋለሁና።

የእህቴ ልጅ ከትንሽነቱ ጀምሮ ነፍሱ ዓሣ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የውኃ እንስሳት ላጥና አለ። እናቱም፣ አባቱም፣ እኔም ተሰብስበን «ዓሣ እንጀራ አይሆንም፤ ፋርማሲ ግባ» አልነው። እሺ ብሎ ገባ። ሁለት ዓመት ተኩል ተማረና አቋረጠ። ዛሬ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ሥራው የተከበረ ሥራ ነው፤ የትምህርት ብድሩ ግን አሁንም ከትከሻው አልወረደም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ልንገራችሁ። ወደ ፋርማሲ የሚወስዱት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ትምህርቶችና የባዮሎጂው ወይም የዞኦሎጂው የሁለት ዓመት ትምህርቶች እጅግ ይመሳሰላሉ። ያን ጊዜ አንዳችን እንኳ ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን አስቀምጠን ብናይ ኖሮ «ልጄ፣ ተወው፤ የተማርከው አይጠፋም፤ ወደምትወደው ተሻገር» እንለው ነበር። አላየንም። በማናውቀው ነገር ላይ ፈረድን።

ስለዚህ ዛሬ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ልጃችሁ ዞኦሎጂ ካለ በፍርሃት «አይሆንም» አትበሉ፤ በፍቅር ብቻም «እሺ» አትበሉ። በዚህ ሙያ ውስጥ በር የሚከፍተው የዲግሪው ስም ሳይሆን በዲግሪው ውስጥ የተወሰዱት ኮርሶች፣ በመስክ የታየው ሥራ፣ ከዲግሪው በኋላ የሚመጣው ሁለተኛ እርምጃ ነው። እነዚህን ሦስቱን በመጀመሪያው ዓመት አውቆ የገባና በአራተኛው ዓመት የነቃ ተማሪ ዕጣቸው አንድ አይደለም።

መጀመሪያ ዞኦሎጂ ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ስሙን ስንሰማ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ትዝ ይለናል። ለአንበሳ ሥጋ መወርወር ይመስለናል። ዞኦሎጂ የእንስሳት ሳይንስ ነው። ከዓይን ከተሰወረ ጥገኛ ትል ጀምሮ እስከ ዝሆን ድረስ አካላቸው እንዴት እንደተሠራ፣ እንዴት እንደሚራቡ፣ ምን እንደሚበሉ፣ በምን እንደሚታመሙ፣ በአካባቢያቸው ውስጥ እንዴት እንደሚኖሩ ያጠናል። ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ በዚህ ውስጥ ናት። ሰብል የሚበላው አንበጣ በዚህ ውስጥ ነው። ዓሣው፣ ንቡ፣ የሌሊት ወፉ፣ ቀንድ አውጣው ሁሉ በዚህ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ። እስክሪብቶና ወረቀት ያዙ።

በአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ በአብዛኛው 120 ክሬዲት ሰዓት ገደማ ነው፤ በሙሉ ጊዜ አራት ዓመት ይፈጃል። ዞኦሎጂ የሚለውን ስም በዲግሪ ደረጃ የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ኮሎራዶ ስቴት፣ ሚሺጋን ስቴት፣ ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ከእነዚህ መካከል ናቸው። ሌሎች ብዙዎች ግን ይህንኑ ትምህርት የሚሰጡት «ባዮሎጂ» በሚል ስም፣ ወይም በዱር እንስሳት አያያዝና በሥነ ምኅዳር ክፍል ውስጥ ነው። ስሙ አያስጨንቃችሁ፤ ቀጣሪው ትራንስክሪፕቱን ነው የሚያየው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት መሠረት የሚጣልባቸው ናቸው። ጄኔራል ባዮሎጂ ሁለት ሴሚስተር ከላብራቶሪ ጋር፤ ጄኔራል ኬሚስትሪ እንዲሁ ሁለት ሴሚስተር ከላብራቶሪ ጋር፤ ከዚያ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፤ ብዙ ቦታ ፊዚክስም አለ። ከሒሳብ በኩል ካልኩለስና ስታቲስቲክስ። እዚህ ላይ ልብ በሉ! «እንስሳ እወዳለሁ» ብሎ የገባ ብዙ ልጅ የሚወድቀው እንስሳው ላይ ሳይሆን ኬሚስትሪውና ሒሳቡ ላይ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ገና ሃይስኩል ካለች የኬሚስትሪና የሒሳብ ውጤቷን ተመልከቱ። ደካማ ከሆነ መከልከያ አይሁን፤ ግን ከአሁኑ አስጠኚ ፈልጉላት።

ሦስተኛውና አራተኛው ዓመት ወደ ራሱ ወደ ሙያው የሚገባበት ነው። ጄኔቲክስ፣ ኢቮሉሽን፣ ኢኮሎጂ፣ የእንስሳት ፊዚዮሎጂ፣ የአካል ክፍሎች ንጽጽር፣ የእንስሳት ባሕርይ ይመጣሉ። ቀጥሎ የጀርባ አጥንት ያላቸውና የሌላቸው እንስሳት ለየብቻ ይጠናሉ፤ ስለ አጥቢዎች፣ ስለ ወፎች፣ ስለ ዓሦች፣ ስለ ነፍሳት የተለዩ ኮርሶች አሉ። በመጨረሻ የመስክ ትምህርት ወይም በአንድ መምህር ሥር የሚሠራ ምርምር አለ። ይህን የመጨረሻውን «ትርፍ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ለሥራም ለሁለተኛ ዲግሪም የድጋፍ ደብዳቤ የሚጻፈው ከዚያ ነው።

አቅም የሌለን ወላጆች ብዙ ነን። የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መማር ወጪውን በጣም ይቀንሳል። ብቻ አንድ ጥንቃቄ አለ። እያንዳንዱ ኮርስ ልትዛወርበት ባሰበችው ዩኒቨርሲቲ ለሳይንስ ተማሪ የሚቆጠር መሆኑን ከመመዝገቧ በፊት በጽሑፍ ታረጋግጥ። ሳይንስ ለማያጠኑ ተማሪዎች የተዘጋጀ ቀለል ያለ ባዮሎጂ አለ፤ ያንን ወስዶ የሄደ ልጅ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

አሁን ብዙ ልጆች ዘግይተው የሚነቁበትን ነገር ልንገራችሁ። በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የዱር እንስሳት ባዮሎጂስት ሆኖ ለመቀጠር የኮርስ ቆጠራ አለ። በባዮሎጂ ዘርፍ ዲግሪ ማግኘት ብቻውን አይበቃም። በውስጡ ቢያንስ 9 ክሬዲት ስለ ዱር እንስሳት፣ ቢያንስ 12 ክሬዲት ዞኦሎጂ፣ ቢያንስ 9 ክሬዲት ደግሞ ስለ ዕፅዋት መኖር አለበት። አዎ፣ ዕፅዋት! እንስሳው የሚበላውንና የሚጠለልበትን ሳታውቅ እንስሳውን አታውቀውም ነው ነገሩ። ሁሉንም የእንስሳት ኮርስ ጨርሳ የቦታኒ ኮርስ ያልወሰደች ተመራቂ ማመልከቻዋ በዚህ ብቻ ሊመለስባት ይችላል። 9፣ 12፣ 9። ይህችን ቁጥር ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፏት። በዚያ ላይ አብዛኛው የፌዴራል ሥራ የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃል። ግሪን ካርድ ይዛችሁ ዜግነቱን «ነገ፣ ነገ» የምትሉ፣ ለልጆቻችሁ ስትሉ አስቡበት።

ሁለተኛው ግራ የሚያጋባው የእንስሳት ሕክምና ነው። ብዙ ሰው ዞኦሎጂ የተማረ የእንስሳት ሐኪም ይሆናል ብሎ ያስባል። አይሆንም። የእንስሳት ሐኪም ለመሆን ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ ሌላ አራት ዓመት ሙያዊ ትምህርት አለ። መግቢያው እጅግ ፉክክር አለበት፤ ወጪውም ከባድ ነው። ኮሌጆቹ በአብዛኛው የተለየ ሜጀር አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ስታቲስቲክስ፣ እንዲሁም ከሐኪም ጋር ወይም ከእንስሳት ጋር የተሠራ የብዙ ሰዓት ልምምድ ነው። ዞኦሎጂ ለዚህ ጥሩ መሰላል ነው፤ መሰላሉን ግን ቤቱ ነው ብላችሁ አትሳቱ።

«ዶክተር ትሁንልኝ» ለምትሉም መልስ አለኝ። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆችም እንዲሁ የተወሰነ ሜጀር አያስገድዱም። ዞኦሎጂ ያጠናች ልጅ የሚጠየቁትን ኮርሶች ከወሰደችና የመግቢያ ፈተናውን ካለፈች ሐኪም ለመሆን ማመልከት ትችላለች። በሩ አልተዘጋባትም። ይህን ብቻ ስነግራቸው ያ አባት በረጅሙ ተነፈሱ።

እንግዲህ ሥራው የት የት ነው? የአካባቢ ጥበቃ አማካሪ ድርጅቶች አሉ፤ መንገድ ወይም ግድብ ከመሠራቱ በፊት በቦታው ምን እንስሳ እንዳለ የሚያጠኑ። የክልልና የፌዴራል የዱር እንስሳትና የዓሣ መሥሪያ ቤቶች አሉ። የትንኝና የተባይ ቁጥጥር ክፍሎች፣ የሕዝብ ጤና ቢሮዎች፣ የምርምር ላብራቶሪዎች፣ ሙዚየሞች፣ የዓሣ እርባታዎች አሉ። የማስተማር ፈቃድ ጨምሮ የሳይንስ መምህር መሆን ይቻላል። የሆስፒታል ላብራቶሪ ለሚፈልግ ደግሞ ከዲግሪው ላይ የተጨማሪ ሥልጠናና የሙያ ፈተና መንገድ አለ። የመካነ እንስሳት ሥራም አለ፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ ክፍያው ዝቅተኛ ነው፤ ለአንድ ቦታ የሚያመለክተውም ብዙ ነው።

ስለ ገንዘብ እንነጋገር፤ ማፈር አያስፈልግም። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ. የ2023 መረጃ እንደሚያሳየው የዞኦሎጂስቶችና የዱር እንስሳት ባዮሎጂስቶች መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 70 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። መካከለኛ ማለት ግማሹ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች ያገኛል ማለት ነው። በዚያው ዓመት የነርስ 86 ሺህ ገደማ፣ የእንስሳት ሐኪም 119 ሺህ ገደማ ነበር። ስለዚህ ያ አባት ስለ ነርስነት ያሰቡት ከንቱ አልነበረም። በዞኦሎጂ የሚጀምር ልጅ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ለወራት ብቻ የሚቆይ የመስክ ሥራ ነው የሚያገኘው፤ ድንኳን ውስጥ ማደር፣ ከከተማ ወደ ከተማ መዞር አለበት። በምርምር ወይም በኃላፊነት ደረጃ ለመድረስ ሁለተኛ ዲግሪ፣ አንዳንዴም ዶክትሬት ያስፈልጋል። መልካሙ ዜና፣ በሳይንስ ዘርፍ የዶክትሬት ተማሪ ብዙ ጊዜ ከኪሱ አይከፍልም፤ ዩኒቨርሲቲው የትምህርቱን ክፍያ ሸፍኖ ወርኃዊ አበል ይሰጠዋል። ወላጆች ይህን አናውቅም፤ «ገና ስንት ዓመት ልከፍል ነው?» እያልን በባዶ እንሰጋለን።

በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ የዱር እንስሳት ባዮሎጂስት ያየ ሰው ስንት ነው? ነርስ አይተናል፤ ፋርማሲስት አይተናል፤ ኢንጂነር አይተናል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም እንደሚባለው ነው። ሙያውን ስለማናየው የሌለ ይመስለናል። ግን ከእኛ ወገን በዚህ ሙያ ስሙን በዓለም ያስጠራ ሰው አለ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ ወንዝ ዳር አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ጥገኛ ትል የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። እናቶቻችን ለዘመናት ልብስ ያጠቡበት እንዶድ ያንን ቀንድ አውጣ ይገድላል! ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዛሬም በስማቸው የሚጠራ የምርምር ተቋም አለ። ቀንድ አውጣ ያጠና ሰው ነው ይህን ያደረገው።

ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። የለመድናት ወባ የገጠርና የረግረግ በሽታ ነበረች። ይህችኛዋ ግን ከተማ ውስጥ፣ ሰው ውኃ በሚያጠራቅምበት ሮቶና በርሚል ውስጥ ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት መሆኗ በጥናት ተረጋግጧል። ይህችን ትንኝ ከሌላዋ ለይቶ «ይህች እንግዳ ናት» የሚል ዓይን ያለው ሰው ማን ነው? ነፍሳትን ያጠና ሰው ነው። ባሌ ተራሮች ላይ ያለው ቀይ ቀበሮም በዓለም ላይ ሌላ ሀገር የለውም፤ የቀሩት አዋቂዎች ከ500 ያነሱ ናቸው። ከቤት ውሻ የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። ውሾቹን የሚያስከትቡት፣ ቀበሮዎቹን እየቆጠሩ የሚከታተሉት እነዚሁ ባለሙያዎች ናቸው።

አያቶቻችን ይህን በደንብ ያውቁት ነበር። «ክፉ ቀን» የሚባለውን ዘመን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ደስታ በሽታ የሀገሩን ከብት ጠርጎ ወሰደ፤ የሚያርስ በሬ ጠፋ፤ ከዚያ ረሃብ መጣ። ያ በሽታ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የእንስሳ ነገር የሰው ነገር ነው፤ እንስሳው ሲወድቅ ሰው አብሮ እንደሚወድቅ ያየ ሕዝብ ነን።

በሀገር ቤት ላላችሁ ተማሪዎችም አንድ ሁለት ቃል ልበል። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ በብዛት የሚሰጠው ባዮሎጂ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዞኦሎጂ ትምህርት ክፍል አለው፤ ወደ ተለየ ዘርፍ የሚገባው በሁለተኛ ዲግሪ ነው። ወደ ተግባሩ ለሚያደላ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወንዶ ገነት፣ እንዲሁም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከዱር እንስሳት ጋር የተያያዘ ትምህርት አለ። የእንስሳት ሕክምና ለሚፈልግ ቢሾፍቱ አለ። ለውጭ ሀገር ሁለተኛ ዲግሪ ስታመለክቱ የሚያግዛችሁ በስታቲስቲክስ ጠንካራ መሆናችሁ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በእውነተኛ የመስክ መረጃ መሥራታችሁ ነው። እንግሊዝ ላላችሁ ደግሞ ዲግሪው በአብዛኛው ሦስት ዓመት ነው፤ በኤ ሌቭል ባዮሎጂና ሌላ አንድ የሳይንስ ትምህርት የሚጠይቁ ብዙ ናቸው።

ወደ ያ አባት ልመለስ። እንዲህ አልኳቸው። «ዛሬ ማታ ልጅዎን ይጥሯትና የአራት ዓመቱን የኮርስ ዝርዝር አትመሽ አምጪልኝ ይበሏት። ከዚያ አራት ጥያቄ ይጠይቋት። አንደኛ፣ የ9፣ የ12 እና የ9 ክሬዲቱን የትኞቹ ኮርሶች ይሞሉልሻል? ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ክረምት ላይ የት ትሠሪያለሽ? ሦስተኛ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ያለው ሁለተኛ እርምጃሽ ምንድን ነው? አራተኛ፣ ሐሳብሽ ቢቀየር የተማርሽው ወዴት ይዞርልሻል? መልስ ካላት ይመርቋት። መልስ ከሌላት አይቆጧት፤ ሄዳ አማካሪዋን ጠይቃ ትምጣ።»

ስለ ክረምቱ ሥራ ለጠየቃችሁኝ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በሚደግፈው ፕሮግራም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች አበል እየተከፈላቸው በክረምት ምርምር የሚሠሩበት ዕድል አለ፤ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃል። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ደግሞ የስሚዝሶኒያን መካነ እንስሳት በደጃችሁ ነው። ቨርጂኒያ ፍሮንት ሮያል ላይ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሰጠው የጥበቃ ትምህርትም አለ። ልጆቻችሁ ይጠይቁ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አበው። በእኛ ጭንቀት የተመረጠ ሙያ ልጁ መንገድ ላይ ሲፈታው እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። የእህቴን ልጅ ባለፈው እሑድ አግኝቼው ይህን ዝግጅት ልሠራ መሆኔን ነገርኩት። «ጋሼ፣ እኔን አታንሳኝ» አላለኝም። «ንገራቸው» ነው ያለኝ። ቤቱ ውስጥ ዛሬም ትልቅ የዓሣ ገንዳ አለ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ በማታ መማር ይችላል። እሱንም ዝርዝሩን አትመህ አምጣ ብዬዋለሁ።

ለዚያ አባት ደግሞ የመጨረሻ ቃሌ ይህ ነው። ላም ስትታመም ጆሮዋን ዳብሰው የሚያውቁ፣ የትኛው ሣር እንደሚነፋት፣ የትኛው ወተት እንደሚያበዛ ለይተው ያደጉ ሰው ነዎት። ልጅዎ ይህን ለማወቅ ገንዘብ ከፍላ ክፍል ልትገባ ነው። ከመሄዷ በፊት ያስቀምጧትና ያጫውቷት።